ቢምቢ የማያርፍበት ኩሬ

የኩሬው ጥገና ሠራተኛ ንጋቱ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ራሱ በተከለው ሸንበቆ መካከል፣ ፊቱን ውሃው ውስጥ ደፍቶ። ያገኙት ፀሐይ ሳትከር ልጆቻቸውን ሊያናፍሱ የወጡ ሱዳናዊ ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ የልጆቿን ዐይን በመጎናጸፊያዋ ሸፍና ወደ መኪናው መለሰቻቸው። ባልየው ፖሊስ ጋ ደወለ።

ፈሪዳ ይመር ስልኳ ሲጮኽ ቁርስ ላይ ነበረች። አባቷ ከወሎ የመጣ ነው፤ እሷ ግን ሪያድ ተወልዳ፣ ሪያድ አድጋ፣ በዐረብኛ ተምራ፣ አሁን ለፖሊስ መርማሪዎች የአማርኛ አስተርጓሚ ሆናለች።

«ከእናንተ ሰው ነው» አላት ሻምበል ሙስዓብ።

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ከፎቅ ለወደቀች፣ ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ማሽን ለያዘው፣ በመኝታው ለቀረ። ድሮ ድሮ ከሥራ ስትመለስ በሯን ዘግታ ታለቅስ ነበር። አሁን የጀመረችውን ዳቦ ጨረሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ዐባያዋን ደርባ ወጣች።

ሬሳው የተገኘው ዋዲ ሐኒፋ ውስጥ ነው። ፈሪዳ ልጅ ሳለች አባቷ በዚህ ሸለቆ ሲያልፍ የመኪናውን መስኮት ያዘጋቸው ነበር። የከተማው ፍሳሽ የሚወርድበት፣ የግንባታ ፍርስራሽና የሞተ ፍየል የሚጣልበት ቦታ ነበር። ኋላ ቆሻሻው ተጠረገ፤ ውሃው በድንጋይ እርከን እየዘለለ አየር እንዲጠጣ ተደረገ፣ ሸንበቆ ተተከለ፣ ዓሣ ገባ፣ ወፉም ማንም ሳይጠራው መጣ። ዛሬ የመንሱራ ሰፈር ሰው ቤቱ ያለው ኮንዲሽነር ያልቻለውን ሙቀት ሸሽቶ ምንጣፉን ተሸክሞ ወደዚህ ይወርዳል። የፈሪዳ አባትም በመጨረሻ ዓመታቱ ሳንባው ሲደክም ማታ ማታ እዚህ ካልተቀመጠ እንቅልፍ አይወስደኝም ይል ነበር።

«ተንሸራትቶ ነው» አለ ሻምበሉ። ወጣት፣ ረጋ ያለ፣ ከማንም ጋር የማይጯጯህ ሰው ነው። «ድንጋዩ ያዳልጣል።»

ፈሪዳ ቁጢጥ ብላ አየች። ማጅራቱ ላይ ቀጥ ያለ ቁስል አለ።

«በፊቱ የወደቀ ሰው ማጅራቱ እንዴት ይቆስላል?»

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየ። አብረው ሲሠሩ ቆይተዋልና ጥያቄ ስታነሣ መከተል እንደሚሻል ያውቃል። «ከሚያውቁት ሰዎች ጋር እናውራ» አለ። «እንደ ልማዳችን አንቺ ጠይቂ፤ ለእኔ ትነግሪኛለሽ።»

ንጋቱን በቅርብ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ተጠሩ።

መጀመሪያ የቀረበው አዲሱ ነው፤ የሸለቆው ጥገና ሠራተኞች አለቃ፣ ሽበት የጀመረው፣ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው።

«ጋሽ አዲሱ፣ ከንጋቱ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ። ምን ይደበቃል?»

«በምን?»

«በዓሣ። ከሁለት ሳምንት በፊት ላይኛው ኩሬ ዓሣው አልቆ ተገኘ፤ ሆዱን ገልብጦ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ። ያ ክፍል የሱ ነው። መድኃኒት ረጭተህ ነው ብዬ ሰው ፊት ሰደብኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ዓሣውን ለቅሞ ቀበረ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጣ ወደ ላይ ወደ ላይ ይዞራል። ምን እንደሚፈልግ አልጠየቅኩትም።» ፊቱን አዞረ። «‹ጋሼ፣ ይህ ውሃ ከታመመ የሚታመመው የመንሱራ ሰው ነው› ይለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ እሥቅበት ነበር።»

አርብ ማታ ፉጣ ሰፈር ዘመድ ቤት እንደነበረ ተናገረ። የዘመዱን ስልክ ሰጠ።

ሁለተኛው ነቢል ነው። የኢትዮጵያውያን ልጅ ቢሆንም እንደ ፈሪዳ የሪያድ ልጅ ነው፤ ውሃውን እየቀዳ የሚመረምር ባለሙያ። አማርኛው ሲያቅተው ወደ ዐረብኛ ይሸሻል።

«ዓሣው በምን እንደሞተ አጣራህ?»

«ወላሂ... ሙቀት ነው ብዬ አሰብኩ።»

«ሄደህ ውሃውን ቀዳህ?»

ነቢል ጫማውን ተመለከተ። «አልሄድኩም። ፀሐዩ ከባድ ነበር። ሐሙስ ንጋቱ መጣ፤ ‹ከየት እንደሚመጣ አግኝቻለሁ፣ ና ላሳይህ› አለኝ። ከቅዳሜ በኋላ አልኩት።»

«ከየት አለህ?»

«አልጠየቅኩትም። ኸላስ፣ በቃ ሄደ።»

አርብ ማታ የት እንደነበረ ሲጠየቅ መኪና ውስጥ ብቻውን ሲዞር እንደነበር ተናገረ። ያየው ሰው አልነበረም። ሻምበሉ ነቢልን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

የመጨረሻው ሚሊዮን ነው። የንጋቱ ያገሩ ልጅ፣ የመሃል ሜዳ ሰው፤ ከሸለቆው ላይኛ ጫፍ ባለ ኢስቲራሃ ውስጥ ዘበኛ ነው። ኢስቲራሃ የሪያድ ቤተሰብ ለመዝናናት በቀን የሚከራየው፣ ሣርና መዋኛ ያለው አጥር ግቢ ነው። ሚሊዮን ዐይኑ አብጦ፣ አፉ ደርቆ ገባ።

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው፣ ወንድሜ?»

«አርብ። እዚሁ እሱ የተገኘበት ኩሬ ዳር አብረን ተቀመጥን። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲል ቢምቢው ፈጀን። እኔ ተነሣሁ፣ እሱ ቀረ።» ክንዱን ገልጦ አሳያት። ክንዱ በቀይ እብጠት ተሞልቷል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤት ገብተን ተኛን... ገብቼ ተኛሁ።»

«ብቻህን ነው የምትኖረው?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እህቴ።»

«ንጋቱ እዚህ አገር ዘመድ አለው?»

«አንዲት እህት አለችው። ዘመናይ ትባላለች። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። መርዶውን እኔ ነግሬያታለሁ።» ይህን ሲል አለቀሰ።

ፈሪዳ ሁሉንም እንደሰማችው ወደ ዐረብኛ መለሰች። ልቅሶውን ግን መተርጎም አላስፈለገም።

እሑድ ሐኪሙ የመጀመሪያ ውጤት ላከ። ሻምበሉ አነበበላት፤ ንጋቱ የሞተው ሰጥሞ ነው። ማጅራቱን የተመታው በሕይወት ሳለ ነው። «አንድ የማይገባኝ ነገር አለ» አለ ሻምበሉ። «የዚያ ኩሬ ውሃ በዐይን በማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች የተሞላ ነው። ሳንባው ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም። ሐኪሙ የቧንቧ ውሃ ነው የሚመስለው ይላል።»

«እንግዲያው የሞተው ሌላ ቦታ ነው።»

«የት?»

አላወቀችም። ሬሳውን ወደ አገር ለመላክ የዘመድ ቃል ያስፈልግ ስለነበር ሚሊዮን በሰጠው ቁጥር ወደ እህቱ ደወለች። ከውጭ ለመግሪብ ጸሎት የሚጠራው አዛን ሲጀምር ሴትየዋ ስልኩን አነሣች።

«ዘመናይ ነሽ? ነፍስ ይማር፣ እህቴ። ከፖሊስ ጣቢያ ነው።»

«አዎ።» ድምፅዋ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«አሁን ጅዳ ነሽ?»

«አዎ፣ ጅዳ።»

ፈሪዳ ጥቂት ቃላት ተናግራ ዘጋች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ከላዩ ሳታነሣ ቆየች። በስልኩ ውስጥም አዛን ነበር። ጅዳ ወደ ምዕራብ ርቃ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሬሳው የተገኘበት ኩሬ ዳር ሄዳ ተቀመጠች። ሻምበሉና አዲሱ አብረዋት ነበሩ። ከውሃው የሚነሣው ነፋስ ቀዝቀዝ ይላል። በአጠገባቸው አንዲት እናት ደረቱ የሚያፏጭ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ታናፍሰዋለች፤ ጥቂት ወጣቶች ከሰናኢያ ሥራ ወጥተው ሣሩ ላይ ተዘርግተዋል። መግሪብ አለፈ። ፈሪዳ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ለነፋሱ ሰጠች። ምንም አልነካትም።

«ጋሽ አዲሱ፣ እዚህ ቢምቢ የለም እንዴ?»

«እዚህ? የለም። እንቁላሉን ዓሣው ይበላዋል። ሰው ምንጣፉን ይዞ የሚመጣው ለዚህም አይደል? ድሮ እንኳን መቀመጥ ማለፍም አይቻልም ነበር።»

«ዓሣ በሌለበትስ?»

አዲሱ ከተቀመጠበት ተነሣ። ከዚያ በአገጩ ወደ ላይ አመለከታት።

በሸለቆው ዳር ሽቅብ ሄዱ። በየመሃሉ ውሃው የሚዘልባቸው የድንጋይ እርከኖች አሉ። ፈሪዳ አንዱ ላይ ቆማ ወደ ታች አየች። ድንጋዮቹ ተጠጋግተዋል፤ ውሃ ያልፋል፣ የሰው ገላ ግን አያልፍም።

ላይኛው ኩሬ ሲደርሱ አዲሱ አንገቱን በጥፊ መታ። ሻምበሉም እጁን ማራገብ ጀመረ። ውሃው ላይ ጥቃቅን ትሎች ይርመሰመሳሉ፤ አንድም ዓሣ አይታይም። የዳሩ ሸንበቆ ገርጥቷል፤ ድንጋዩ ላይ መኖር የነበረበት አረንጓዴ ሽፋን ተልጦ ነጭ ሆኗል። ከነጩ ድንጋይ በላይ የቧንቧ አፍ አለ። ከቧንቧው በላይ አጥር። አጥሩ የሚሊዮን ኢስቲራሃ ነው።

ፈሪዳ ክንዷን ተመለከተች። ሁለት ቦታ አብጧል። እንደ ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩ ሲገለጥላት ልቧ ይመታ ነበር። አሁን የተሰማት ድካም ብቻ ነው።

«ሻምበል» አለች፣ «ነገ ሁሉንም እዚህ ግቢ ጥራልኝ።»

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከዐሱር ጸሎት በኋላ ሁሉም በመዋኛው ዙሪያ ተሰበሰቡ። አዲሱ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ነቢል ጥላ ፈልጎ ከግንቡ ተጠግቷል። ሚሊዮን ከዘበኛው ክፍል በር ፊት ቆሟል፤ ሌላ ቦታ ቁም ቢባልም መልሶ እዚያው ሄደ። መዋኛው ጠርቶ ሰማያዊ ነው። ጠርዙ ስለታም ሸክላ ነው፤ ግንቡ ላይ ቅጠል የሚለቀምበት ረጅም እንጨት ያለው መረብ ተሰቅሏል።

ፈሪዳ በአማርኛ ትናገራለች፣ ከዚያ ለሻምበሉ በዐረብኛ ትደግመዋለች።

«ንጋቱ ሰጥሞ ነው የሞተው። ግን ኩሬው ውስጥ አይደለም። ሳንባው የያዘው ንጹሕ ውሃ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሞቶ ወደ ኩሬው ተወስዷል። ጋሽ አዲሱ ከእሱ ጋር ተጣልተው ነበር፤ ያን ማታ ግን ፉጣ እንደነበሩ አብረዋቸው የበሉት ሰዎች ለሻምበሉ መስክረዋል። ነቢል የት እንደነበረ የሚመሰክርለት የለም፤ ጥፋቱ ግን ስንፍናው እንጂ ሌላ አይደለም። ንጋቱ ያገኘውን ሊያሳየው የመጣው ለእሱ ነው። ነቢል የሚደብቀው ቢኖረው ንጋቱ ወደ እሱ አይመጣም ነበር።»

ነቢል አንገቱን ደፋ።

«ሚሊዮን፣ አንተ ታች ኩሬው ዳር ቢምቢ ፈጀን አልከኝ። እዚያ ቢምቢ የለም። ዓሣው እንቁላሉን አያስቀርም። በዚህ ሸለቆ ቢምቢ የሚነክሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ዓሣው ያለቀበት፤ ከዚህ አጥር ሥር። በክንድህ ላይ ያለው እውነት ነው፤ የተቀየረው ቦታው ብቻ ነው። አርብ መግሪብ ላይ ከንጋቱ ጋር የነበርከው እዚህ ነው።»

«ሰው ቢምቢ ስለነከሰው ገዳይ ይባላል?» አለ ሚሊዮን። ቁጣ አልነበረበትም።

«አይባልም። ዓሣው ለምን አለቀ? የመዋኛ ውሃ ክሎሪን አለበት። ከዚህ ግቢ የወጣ ቧንቧ ኩሬው ላይ ተከፍቷል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ነጥቷል። ንጋቱ ወደ ላይ ሲዞር የሰነበተው ይህን ሲፈልግ ነው። ሐሙስ አገኘው። ለነቢል ሊያሳይ ፈለገ፣ ነቢል አልመጣም። ከዚያ ወዳጁ ነህና ወደ አንተ መጣ። ሳያሳጣህ በፊት ሊነግርህ።»

ሻምበሉ ወደ ፈሪዳ ዘንበል ብሎ በዝግታ ጠየቀ፤ እሷም በአማርኛ አቀረበችው። «ሻምበሉ የሚለው፣ ለአንድ ቧንቧ ብሎ ሰው ወዳጁን ይገድላል ወይ ነው። ቢበዛ አሠሪህ ይቀጣል፣ አንተን ይቆጣሃል። እኔም መጀመሪያ ይህ አልገባኝም ነበር።»

ወደ ተዘጋው በር ተመለከተች።

«‹ገብተን ተኛን› አልከኝ፣ ከዚያ አረምከው። ሁለት ሰው ነበራችሁ። የውሃው ነገር ከተነገረ የመንግሥት ሰው ይህን ግቢ ሊፈትሽ ይመጣል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ሰውም ያገኛል። ከአሠሪዋ ከከፊሏ ቤት የጠፋች፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ኢቃማ የሌላት ሰው። እሑድ ማታ ለንጋቱ እህት ስደውል ጅዳ ነኝ አለችኝ። ከኋላዋ ግን የሪያድ መግሪብ ይሰማ ነበር።»

አዲሱ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ዘመናይ» አለች ፈሪዳ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ነይ፣ እህቴ።»

በሩ ወዲያው አልተከፈተም። ሚሊዮን ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ «ቅሪ» አለ፤ ከዚያ ግን ራሱ ገለል አለ። የወጣችው ሴት ቀጭን ናት፤ ልብሷ ከሆዷ ላይ ወጠር ብሏል። ፀሐዩ ዐይኗን ስለወጋት በእጇ ጋረደችው።

«ንጋቱ እዚህ መሆኔን አያውቅም» አለች ማንም ሳይጠይቃት። «ሳላገባ እንዲህ ሆኜ እንዳያየኝ ብዬ፣ እንዳይነግረው ሚሊዮንን ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

«አርብ ምን ሰማሽ?»

«ድምፁን። የወንድሜን ድምፅ። ‹የክሎሪኑን ዕቃ አሳየኝ፣ በሩን ክፈት› ይላል። ዕቃው ከእኔ ጋር ክፍሉ ውስጥ ነው። ወደ በሩ መጣ። አልጋው ሥር ገባሁ።» ቃሏ እንደ ንባብ ነበር፤ ከፍም ዝቅም አይልም። «ከዚያ ትግል፣ ከዚያ የውሃ ድምፅ። ከዚያ ምንም።»

«አልወጣሽም?»

«አልወጣሁም። ኋላ ሚሊዮን ገባ። ሄደ ወይ አልኩት። ሄደ አለኝ። ልብሱ እርጥብ ነበር። አልጠየቅኩም። ቅዳሜ መርዶ ሲነግረኝ፣ ቀድሞም የማውቀውን ነው የነገረኝ።»

ሚሊዮን መሬት ላይ ተቀመጠ። ሻምበሉ ማንም ወደ እሱ እንዳይቀርብ በእጁ ከለከለ፤ እንዲናገር ተወው።

«ውሃው ሻግቶ እንግዶች ሊመጡ ነበር» አለ። «ክሎሪን አብዝቼ ጨመርኩ፣ ከዚያም ቀይረው ተባልኩ። ፍሳሽ የሚወስደው መኪና አልመጣም። ቧንቧውን ከፈትኩት። ዓሣ ይሞታል ብዬ አላሰብኩም። አርብ መጣ። አጥሩ ሥር አስቀምጬ ለመንኩት። ‹ያገሬ ልጅ ነህ፣ ግን ይህ ውሃ የኔ ብቻ አይደለም፣ ነገ እናገራለሁ› አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ ገባ፣ ወደ በሩ ሄደ። ገፈተርኩት። ማጅራቱ ጠርዙን መታና ወደ ውሃው ገባ።»

«ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም።»

ፈሪዳ ግንቡ ላይ የተሰቀለውን መረብ ተመለከተች። ሚሊዮንም ዐይኗን ተከትሎ አየው።

«መረቡ አጠገቤ ነበር» አለ። «አንድ ጊዜ እጁን አንሥቷል። ቢወጣ በሩን ያስከፍታል ብዬ አሰብኩ። አላነሣሁትም። ኋላ ስቤ ለማውጣት ግን ተጠቀምኩበት። በጋሪ ወስጄ ሸንበቆው ውስጥ አስተኛሁት።»

«አንድ ቃል ብትነግረው ኖሮ» አለ አዲሱ ቀስ ብሎ። «እህትህ እዚህ ናት ብትለው፣ አፉን ይዘጋ ነበር።»

«አስምላኝ ነበር።»

ዘመናይ ወደ ሚሊዮን አላየችም። ወደ መዋኛውም አላየችም። ፈሪዳ የሁለቱንም ቃል አንድ በአንድ ወደ ዐረብኛ መለሰችው። ደንቡ እንደሚለው በተናጋሪው አፍ ነበር የምትናገረው፤ «ገፈተርኩት» አለች፣ «አልጋው ሥር ገባሁ» አለች፣ «አላነሣሁትም» አለች። ሻምበሉ ጻፈ። ሚሊዮን እጁን ራሱ ዘረጋ፣ ካቴናው ገባ። ነቢል ወደ አጥሩ ማዶ ሄዶ ጠርሙሱን ቧንቧው ሥር ካለው ውሃ ሞላ፤ ማንም አላዘዘውም። አዲሱ የቧንቧውን መዝጊያ አጥብቆ ዘጋ።

ረቡዕ ጠዋት ዘመናይ ጣቢያው ውስጥ ከሻምበሉ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች። ጉዳዩ ሲያልቅ እሷ ተርሂል ወደሚባለው ተመላሾች የሚታሰሩበት ቦታ፣ ከዚያ ወደ አገር ናት። ንጋቱም ይሄዳል፤ ለሬሳው የዘመድ ቃል ያስፈልጋል፤ በዚህ አገር ከእሷ በቀር ሰው የለውም። ፈሪዳ ውሃ አቀረበችላት። አልጠጣችም። ፈሪዳም እንድትጠጣ አልለመነቻትም።

ሻምበሉ ቀና ሳይል ጠየቀ። ፈሪዳ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ለሟች ምኑ ነሽ?»

ዘመናይ የውሃውን ብርጭቆ ገፋ አደረገችው። ከውጭ የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«እህቱ ነኝ።»

ፈሪዳ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። ሻምበሉ እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠበቃት።

«እህቱ ነኝ» አለች በዐረብኛ።